ስሜን እይልኝ

ከአርጆ ወደ ነቀምቴ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናትና አንድ ወጣት ከኋላዬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም። ሴትየዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ለምርጫ ተመዝግበሃል?»

«ለምን ጠየቁኝ፣ አዴ?»

«እንዲያው ነው። የተመዘገበው ሰው ስም መንገዳችን ላይ ባለው ቀበሌ በር ላይ ተለጥፏል አሉ። የኔ ይኑር አይኑር እንድታይልኝ ብዬ።»

«ራስዎ ለምን አያዩም?»

«በቁቤ ነዋ የተጻፈው! እኔ የማነበው የአማርኛውን ፊደል ነው።»

«አገርዎ የት ነው?»

«ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል? አሁን እዚሁ ነኝ።»

«በፊትስ?»

«...ኪራሙ። ግጭቱ ሲመጣ ነው ሸሽቼ የወጣሁት።»

«ታዲያ ከተመዘገቡ ምን አሳሰበዎት?»

«የመዘገበችኝ ልጅ ስሜን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ። ጻፈችው አልጻፈችው በምን አውቃለሁ?»

«እሺ፣ ስምዎን ይንገሩኝና አይልዎታለሁ።»

«ስሜን?»

«ያለ ስም እንዴት አድርጌ ልፈልግ?»

«መጀመሪያ ያንተን ንገረኝ።»

«የእኔ ምን ያደርግልዎታል?»

«የእኔስ ላንተ?»

«ኧረ እርስዎ ነዎት እኮ እይልኝ ያሉኝ!»

«ተወው፣ ተወው በቃ። እዚያ በር ላይ ቆሞ ስም የሚፈልገውን ሰው ማን እንደሚያየው አይታወቅም።»

«እሱስ እውነትዎን ነው።»

ሹፌሩ «ቀበሌው ጋ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የራሴን ስም እዚያ በር ላይ ለማየት የተሳፈርኩት እኔ «ወራጅ የለም» አልኩ።