የግድቡን ገጽ የዘጋው እጅ

የምስክርነት ቃል

ቃል ሰጪ፦ የግድቡ በር ተቆጣጣሪ፣ የዋናው በር ጠባቂ ልጅ
ዕድሜ፦ 34
አድራሻ፦ ከግድቡ በላይ ባለው የሠራተኞች መኖሪያ፣ ከውኃ ታንከሩ ቀጥሎ ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ጎርፉ በመጣ ማግስት፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የውኃ ከፍታ ማስጠንቀቂያን ሆን ብሎ ማቋረጥ
ተጠርጣሪ፦ የኮምፒውተር ጠጋኙ፣ በቅጽል ስሙ «ሽቦ»

ማንም ሳያስገድደኝ ቀርቤያለሁ። ሽቦ የታሰረው ጎርፉ ሲመጣ የግድቡ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የኮምፒውተሩን ጥበቃ ሲያጠፋ በመስኮት ታይቷል ተብሎ መሆኑ ተነግሮኛል። ያየው የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው። ሾፌሩ አልዋሸም፤ ግን ያየው ግማሹን ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

በግድቡ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም አለው። ፕሮግራሙ የውኃውን ከፍታ ከመለኪያው እየተቀበለ ድረ ገጽ ላይ ያወጣል። ከግድቡ በታች ወንዙ ዳር የሚሠሩት ጡብ ሠሪዎች ገጹን ግቢያቸው ውስጥ በሰቀሉት ስክሪን ያያሉ። ቁጥሩ ሲቀላ ሥራቸውን ጥለው ወደ ዳገቱ ይወጣሉ። ማሽናቸው ስለሚያጓራ ስልክ ቢደወል አይሰሙም። ገጹ አዲስ ቁጥር ሲያጣ የመጨረሻውን ይዞ እንደሚቆይ ግን እስከ ትናንት ማናችንም አናውቅም ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሽቦ መጥቶ ከውጭ የሚገባውን የሚያግደው ጥበቃው የጠነከረ አዲስ ሲስተም ጫነ፤ የድሮው በቫይረስ ተበልቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ የመለኪያውን ገመድ ሊያይ ወጣ። በዚህ መሃል ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ብቅ አለ። አባቴ መነጽራቸውን ስላልያዙ እኔ አነበብኩላቸው። ሰርቨሩን ከውጭ ያሉ ኮምፒውተሮች እንዲያገኙት ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚል ነበር።

«ከውጭ ማለት እነማን ናቸው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ አባዬ፣ ማንም ሊሆን ይችላል» አልኳቸው።

በእኛ ሥራ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር በሩ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ይዘጋል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ይህን ለእኔም ለሌሎቹም ያስተማሩት አባቴ ናቸው። ያለ ምንም ማመንታት «ከልክል» የሚለውን ተጭነው አባቴ ከለከሉ። ሽቦ ሲመለስ ገጹን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፈተው፤ ተከፈተ። አባቴ «እሰይ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው ሸኙት። ስለ ጥያቄው ማንኛችንም አላነሳንም። ሽቦም ከሌላ ቦታ አልሞከረውም።

ማክሰኞ ጠዋት ከላይ የዘነበው ውኃ ደረሰ። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በዚህ ሥራ ብዙ ውኃ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ሐይቁ በሙሉ ዓይኔ እያየ ከፍ አለ። ግንዶች ከነሥራቸው ተነቅለው በዝምታ ይመጡ ነበር። ከሁሉ ያስፈራኝ ድምፅ አለማሰማቱ ነው። በሩ ካልተከፈተ ውኃው በግድቡ አናት ላይ ሊያልፍ ነበር። ከተከፈተ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ጡብ ሠሪዎቹን ነው።

የእኛ ስክሪን ቀልቷል። በሩቅ ማያ መነጽር ሳይ ግን ሰዎቹ ጡብ ይደረድራሉ። አንዷ ልጇን አዝላለች። አባቴ እጃቸውን የበሩ ማንሻ ላይ አድርገው «ለምንድን ነው የማይወጡት? ለምን?» ይሉ ነበር። ሾፌሩን በመኪና ላክነው፤ በሐይቁ ጫፍ ያለው ድልድይ ተውጦ ስላገኘው ተመለሰ።

የመለኪያውን ገመድ ሊጨርስ ጠዋት ተመልሶ የመጣውን ሽቦን ከመለኪያው ክፍል ጠራሁት፤ እየሮጠ መጣ። ገጹን በኮምፒውተሩ ከፈተው፣ ተከፈተ። በስልኩ ሞከረ፣ እምቢ አለ። «እዚህ ይከፈታል፣ ከዚህ አይከፈትም። ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፤ የያዘው ጥበቃው ነው» አለ።

አባቴ «አጥፋዋ! ምን ትጠብቃለህ?» ብለው ጮሁ። ሾፌሩ መስኮቱ ጋ የደረሰው በዚህ ሰዓት ነው። ሽቦ ጥበቃውን አጠፋው።

እኔ መነጽሩን ከዓይኔ አላነሳሁም። ቀጥሎ ያየሁትን በምን ቃል እንደማስረዳ አላውቅም። ከቢሯችን እስከ ጡብ ሠሪዎቹ ግቢ በእግሬ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ በላብ የሚያጠምቅ መንገድ ነው። ሽቦ ጣቱን አንዴ ጫን ሲያደርግ ግን እዚያ ማዶ ስክሪናቸው ቀላና ያ ሁሉ ሰው እኩል ቀና አለ። ጡቡ ከእጃቸው ሲወድቅ አየሁ። እግሬ አውጪኝ ብለው ዳገቱን ወጡት፤ ልጅ ያዘለችውን ሁለት ወንዶች ግራና ቀኝ ይዘው አወጧት።

የመጨረሻው ሰው ሲወጣ «ወጥተዋል!» አልኩ። አባቴ በሩን ከፈቱ። ውኃው ግቢውን ከነማቃጠያ ምድጃው ጠርጎ ወሰደው። አንድ ሰው ሲሮጥ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል፤ ሌላ የተጎዳ የለም።

ያ ሁሉ ሲሆን ሽቦ ከወንበሩ አልተነሳም። «ማሽኑን ራቁቱን ትቼው አልሄድም» ብሎ ጥበቃውን መልሶ አበራ። የተፈቀዱና የተከለከሉ ፕሮግራሞች የሚታዩበትን ቦታ ከፍቶ ሰርቨሩ መከልከሉን አየ፤ እሱን ብቻ ፈቀደለት። ስልኩ ላይ ሞክሮ መሥራቱን አረጋገጠ። ከዚያ «ይሄን ማን ነው የከለከለው?» አለ። አባቴ መሬት መሬት አዩ። ሽቦ አያቸው፣ ጥያቄውንም አልደገመም።

ሽቦ በምርመራው ሁሉ ስለ አባቴ ትንፍሽ አለማለቱን የሰማሁት ዛሬ፣ እዚህ ስገባ ነው። ነገሩ ገብቶት እያለ ስለ ሰው ብሎ ታስሮ ማደሩ እጅግ ደንቆኛል፣ አሳፍሮኛልም።

አባቴ ለምን ራሳቸው እንዳልመጡ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። ውኃው ገና አልጎደለም፤ በሩን የምንችለው እኔና እሳቸው ብቻ ስለሆንን አንዳችን እዚያ መቆም አለብን። ዛሬ ጠዋት «እኔ በሩን ጥዬ መሄድ አልችልም። አንቺ ሂጂና እጁ የማን እንደሆነ ንገሪያቸው» አሉኝ። «ያስሩሃል አባዬ» አልኳቸው። «ልጁ ይውጣ እንጂ፤ አንቺ ስትመለሺ በሩን ተረከቢኝና እኔ እሄዳለሁ» አሉኝ። ስለዚህ ቶሎ እንድሸኝ እጠይቃለሁ።

የተጻፈው ሁሉ በድምፅ ተነብቦልኛል። በአንድ ቦታ «ዋናው በር ጠባቂ ከለከሉ» ተብሎ የነበረው በጥያቄዬ ተሰርዞ «አባቴ ከለከሉ» ተብሏል። ይህ በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት እውነት ነው፤ የትም ብጠራ እደግመዋለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________