ፐርኒሸስ ማለት ብርቅ ማለት ነው

እናትየው የሜትሩን አንድ ጫፍ ይዘው መስኮቱ ሥር ቆመዋል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ለጓሮው ክፍል መጋረጃ ልትለካ መጥታለች። እስከ ትናንት ዕቃ ቤት የነበረው ክፍል ከነገ ጀምሮ የእሳቸው መኝታ ሊሆን ነው፤ ምራታቸው ወስናለች፣ ልጃቸውም እሺ ብሏል። ልብስ ሰፊዋ ስፒል በከንፈሯ ይዛለችና አትመልስም። ምራቲቱ ከበሩ ውጭ ስልኳን እያየች ቆማለች። የስልኩ መብራት ግን ከጠፋ ቆይቷል።

«ልጆችሽ ደህና ናቸው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ... ክፍሏ አታምርም? ቀዝቀዝ ማለቷ ደግ ነው። አሮጊት እንደ ወተት ናት፤ ቀዝቃዛ ቦታ ካላስቀመጧት ትበላሻለች።

«አንዲት አማት አውቃለሁ... አንቺ አታውቂያትም፣ ሩቅ ናት። በስተርጅና እንግሊዝኛ ጀመረች። አስተማሪዋ ማን ትመስልሻለች? ምራቷ። እንዲህ ያለ ዕድል ለስንቱ ይደርሳል? አንድ ቀን ልጅቷ ለጓደኛዋ በስልክ፣ ‹አማቴ እኮ ፐርኒሸስ ናቸው› ስትል ሰማቻት። በአንቱታ እኮ ነው... አስተዳደጓ የጨዋ ነው። ‹ልጄ፣ ምን ማለት ነው?› ብትላት ቀላ አለችና፣ ‹ብርቅ፣ ውድ ማለት ነው እማዬ› አለቻት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ይቺ ግን አፋፍ የደረሰውን ማር ቀብታ መለሰችው። ተሰጥኦ ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም... አማቲቱ ወረቀቱ ባይኖራትም ቃሉን ያዘች። እራት ላይ ልጇን፣ ‹ሚስትህ ፐርኒሸስ ናት፣ ያዛት› ብትለው ውሃው ትን አለው። ከደስታ ይሆናላ። ... ለኪ እንጂ፣ ጫፉን ይዣለሁ።

«ኋላ የግፊት መድኃኒቷን ልትገዛ ሄዳ ፋርማሲስቱን ጠየቀችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? ‹ክፉኛ ጎጂ ማለት ነው› አላት። ‹ግን እንደ እሳት፣ እንደ ጎርፍ ፊት ለፊት ለሚመጣ ነገር ብዙም አይባልም። ቀስ ብሎ፣ ኮሽ ሳይል፣ ውስጥ ለውስጥ ለሚጎዳ ነው።› ነቀዝ በይው። ፍሬው ከላይ ሲያዩት ሙሉ... ሲነኩት ዱቄት። ሳይታወቅ ደም የሚያሳንስ በሽታም በዚሁ ስም ይጠራል አለ። ሐሜትም፣ ክፉ ልማድም፣ ትራስ ላይ የሚንሾካሾክ ምክርም እንዲሁ... አይ፣ የትራሱን እንኳ እሱ አላለም። እሷ ናት የጨመረችው።

«እኔ ግን አላመንኩትም... ማለቴ፣ እሷ አላመነችውም። መድኃኒት ሻጭ በሽታ እንጂ ፍቅር የት ያውቃል? ምራት ብርቅ ነው ካለች ብርቅ ነው።

«ጨርቁን ጠንካራውን ምረጪ እሺ? ጠርዙንም አጥብቀሽ ቀምቅሚው። መጋረጃ ሰው ሲለዋወጥ ቆይቶ ማየት አለበት።

«ያቺን ልጅ በጸሎቴ ረስቻት አላውቅም። ፈጣሪ ወንድ ልጇን ያሳድግላት። እናቱን የሚወድ፣ ሚስቱን የሚሰማ፣ ቁርጥ አባቱን ያድርግላት። ልክ እንደ ራሷ ያለች ብርቅ ምራት ያምጣላት። ዕድሜዋንም ያርዝምላት... ይቺ መጋረጃ ሳታልቅ ለእሷም ትድረሳት። ስፒሉን አውጪና አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ።»