ጮክ ብዬ የጠየቅኩ ዕለት

ያኔ በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በሃይማኖት ነገር «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር ብቻ አይደለም፣ ያስፈራም ነበር። ደርግ ወድቆ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔ እዚሁ ጎፋ ግንበኛ ነበርኩ። እና ትልቋ ልጄን ሰናይትን፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሳል ያዛት። ሳል ስላችሁ የዋዛ እንዳይመስላችሁ! ስትስል ትውላለች፣ ቀሚሷ ሰፋት፣ ሰፋትና አንድ ቀን መሐረቧ ላይ ደም አየሁ።

ባለቤቴ አስካለ ጠበል ወሰደቻት። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የላክኋቸው፣ ስሙኝ፣ ጠበል አልጠላሁም። ታዲያ አንድ ሱባኤ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ ልጅቷ እየባሰባት ሄደ። «ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» ስላት አስካለ፣ «ጠበል የጀመረ ሰው መድኃኒት ከነካ ጠበሉ ይተወዋል ብለውኛል» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«እዚያ ያሉ ሰዎች።»

«እና እግዚአብሔር መርፌ አየሁ ብሎ ይቆጣል? ልጅቷን አያያትም? ለመሆኑስ ይሰማናል ወይ?»

አያችሁ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ከአፌ አመለጠች። ሰናይት አልጋ ላይ ሆና ትሰማለች። አስካለ ቀስ ብላ፣ «ልጄን እንዳትድን ያደረጋት ያንተ ጥርጣሬ ነው» አለችኝ። በቃ። ሦስት ቀን አንነጋገርም። ሥራ ቦታ ድንጋይ እየደረደርኩ «እኔ ነኝ የምገድላት፣ እኔ ነኝ» እላለሁ፣ ደግሞ ልመን ብዬ እታገላለሁ፣ እምነት በግድ ይመጣል እንዴ? አይመጣም።

በአራተኛው ቀን እጄ ሲሚንቶ እንደሆነ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። «አባቴ፣ እኔ ስለተጠራጠርኩ እግዚአብሔር ልጄን ይቀጣታል?» አልኳቸው። በዚያ ጎርናና ድምፃቸው፣ «ታደሰ! የታመመ ልጁን ይዞ ጌታ ፊት የቆመውን አባት ረሳኸው? ግማሽ ልቡ ያምናል፣ ግማሽ ልቡ ይፈራል፣ ይህንኑ እያለቀሰ ነገረው። ጌታ ታዲያ አባረረው?» አሉኝ።

«ኧረ አላባረረውም፣ ልጁን ፈወሰለት።»

«እህ! ታዲያ አንተን ማን አባረረህ? ሚስትህ ላይ ከምትጮህ ለእሱ ጩህለት። ልጅቷን ግን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት፤ ጠበሏንም ትጠጣ።»

ቤት ገባሁና «ተነሺ ሰናይት» አልኩ። አስካለ እጇን ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች። «አባ ናቸው ያሉት» ብላት አታምነኝም! ዓይን ዓይኔን ታያለች፣ ታያለች፣ እና እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልገፈትራት ነበር፣ ሚስቴን! ሰናይት ከኋላዬ፣ «እማዬ፣ እኔ መዳን እፈልጋለሁ» አለቻት። ታዲያ አስካለ እጇን አወረደች፣ ነጠላዋን አነሳች፣ እና አብራን ወጣች።

ሳንባ ነቀርሳ ነበር። መርፌው፣ ክኒኑ፣ ብዙ ወር ፈጀ። አስካለ ክኒኑን በጠበል ነበር የምታስውጣት። ልጅቷ ዳነች። ከዚያ አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ አስካለ በድንገት፣ «እኔም እኮ እጠራጠር ነበር፤ አንተ ጮክ ብለህ ስላልከው ነው የተናደድኩብህ» አትለኝም! እኔ ብቻዬን የምቃጠል መስሎኝ፣ ለካ እሷም አጠገቤ ስትቃጠል ኖራለች።

— አባባ፣ አሁንስ ይጠራጠራሉ?

— እንዴታ! ጠዋት ጠዋት ቆሜ ስጸልይ መሃል ላይ እከራከረዋለሁ። የለም ብልማ ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ነበር የምከራከረው? (ይስቃሉ።)