ትርፍ ተብሎ የተዘጋው ኮምፒውተር

መጠሪያ፦ በሥራ ቦታው «ጋሽ ቆጠራ» የሚባል
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የንብረት ክፍል ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ባለአራት ፎቁ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ግንቦት 14 ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40
ጉዳዩ፦ የምስክሩ ልጅ በመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ላይ ያቀረበችው የማታለል አቤቱታ

ከላይ የተገለጽኩት ምስክር የማውቀውን በእውነት ለመናገር ተስማምቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ንብረት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ከእኔ መጋዘን እስክሪብቶ እንኳ ያለ ፊርማ አይወጣም፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ይፈርምባታል። ይህን የምለው ለመኮፈስ አይደለም፤ የሚኮፈስ ፊት የለኝም።

ልጄ አምስት ዓመት ፋርማሲ ተምራ ጨርሳለች። የሙያ ብቃት ፈተናውን ግን ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በሙያው መሥራት የለም። በየካቲት ወር መጨረሻ፣ ፈተናው ከቤት ሆኖ በካሜራ ክትትል እንደሚሰጥ ተነገራት። የቤታችን ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይሰንስ የሚሉት የመጠቀሚያ ፈቃድ ስላልነበረው የፈተናው ፕሮግራም አልከፈትም አለ። ሱቅ ሄጄ የላይሰንሱን ዋጋ ብጠይቅ የደሞዜን ግማሽ ጠሩልኝ። በእጅ የማይያዝ፣ መደርደሪያ ላይ የማይቀመጥ ነገር እንዴት ይህን ያህል ያወጣል ብዬ ተናድጄ ወጣሁ።

በማግሥቱ ለመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ያስጨንቅዎታል? ኦርጅናሉን በርካሽ እጨርስልዎታለሁ» አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን መጥቶ አንድ ሰዓት ያህል ሠራበት። ባለቤቴ ሻይ አቀረበችለት። ፕሮግራሙ ሲከፈት ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ገንዘቡን ስሰጠው «ደረሰኝስ?» ለማለት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ርካሽነቱ ዝም አሰኘኝ። ሰውን ለእስክሪብቶ ሳስፈርም የኖርኩ ሰውዬ ለራሴ ሲሆን አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልጠየቅኩም።

በሚያዝያ ወር ዓመታዊ ቆጠራ አደረግን። በየቢሮው ዞሬ በጠቅላላ አርባ አንድ ኮምፒውተር ቆጠርኩ። ባለሙያው እረፍት ላይ ስለነበር ተተኪው በድርጅቱ ላይሰንስ የሚሠሩትንና ከቢሮ ሆነው መዝጋት የሚችሉትን ማሽኖች ዝርዝር አትሞ ሰጠኝ፤ አርባ ሁለት ይላል። አንደኛው የንብረት ቁጥር የለውም። ደሜ ፈላ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ሥር እየተንበረከኩ ፈለግኩ፤ የለም። ተተኪው «ጋሽ ቆጠራ፣ አንድ ነገር ቢተርፍ ምን አለበት? ይተዉት» ቢለኝ ተቆጣሁት። «ባለቤቱ ያልታወቀው ትርፍ ኮምፒውተር በአስቸኳይ ይዘጋ» ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ በእጁ ሰጠሁት። ሳምንት ሲያልፍ ለምን አልተፈጸመም ብዬ እንደገና ሄጄ ጨቀጨቅኩት። የቤቴ ኮምፒውተር በሐሳቤ አልመጣም። እንዴት ይመጣል? የገዛሁት ነዋ።

ግንቦት 8 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ልጄ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፈተናዋን ጀመረች። 4፡15 ላይ መጋዘን ውስጥ እያለሁ ባለቤቴ ደወለች። «ልጅቷን ልታሳብዳት ነው ይቺ ማሽን፣ ቶሎ ድረስ» አለችኝ። ስደርስ ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ የድርጅታችን ስም ተጽፎ፣ ከሥሩ ይህ ኮምፒውተር በአስተዳደሩ ትዕዛዝ ተዘግቷል ይላል። ከመቶ ሃምሳው ጥያቄ ስልሳ አንዱን ሠርታ ነበር። ፈታኞቹ አቋርጣ እንደወጣች ቆጥረውባታል።

አርባ ሁለተኛው የት እንደነበር እዚያው ቆሜ ገባኝ። አልተናገርኩም። ልጄ ባለሙያው የድርጅቱን ላይሰንስ ሰርቆ እንደሸጠልንና እንዳይነቃበት ብሎ ራሱ እንደዘጋው አመነች፤ አቤቱታ አቀረበች። እኔም ስድስት ቀን ሙሉ ከእሷ ጋር አብሬ ሰደብኩት።

መርማሪው ኮምፒውተሩ እንዲዘጋ ያዘዘው ማን እንደሆነ ጠይቆኛል። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ባለሙያው የራሱ ያልሆነውን ሸጦልናል፤ ይህን እመሰክርበታለሁ። የዘጋው ግን እሱ አይደለም፤ እረፍት ላይ ነበር። ደብዳቤው ከነፊርማዬ በመሥሪያ ቤቱ ይገኛል።

ልጄ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ ትጠብቀኛለች። ጠዋት ስንመጣ የኮቴን ኮሌታ እያስተካከለች «አባዬ፣ አንተ ለእኔ ብለህ ነው የገዛኸው፤ ምንም እንዳትፈራ» ብላኛለች። ይህ ቃል ለእሷ ሳይነበብ ይቀር እንደሆነ መርማሪውን ጠየቅኩ። አቤቱታው የእሷ ስለሆነ መስማቷ እንደማይቀር ነግሮኛል።

የተናገርኩት ሁሉ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ቃሌ ይኸው ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፣ የሸሸግኩትም የለም። በዚህም ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ………
የመርማሪው ፊርማ ………

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከፈረመ በኋላ ልጁ እንድትገባለት ጠይቆ ገብታለች። ቃሉን እኔ ላንብብላት ብዬ ብጠይቀው እምቢ ብሎ ራሱ ማንበብ ጀመረ። ደብዳቤውን የጻፈበት ቦታ ሲደርስ ማንበቡን ስላቆመ፣ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ ቀሪውን ልጅቷ አንብባዋለች።