ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታጨደው ግብጦ

በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን አሸዋማ አገር፣ ከኖርዌይ ፈልሰው በሰፈሩት ሰዎች ልጆች ዘንድ፣ ሣሩ የረዘመ መቃብር ወገን የሌለው ሰው መቃብር ነው። ስለዚህ ሚስታቸው ቦርግሂልድ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዳገቱ ላይ ከተቀበሩ ወዲህ፣ በዓመት አንዴ ይታጨድ የነበረውን ቦታ አቶ ሃልቮር በየሳምንቱ ይላጩት ጀመር።

አንድ ቅዳሜ የማጨጃው ሞተር ድንጋይ ነክሶ ቆመባቸው። ስለ ዕፀዋት የተማረችው የመንደሩ ልጅ ማሪት የመንገድ ዳር አበባ እየቆጠረች ስታልፍ አየቻቸው።

«ጋሼ ሃልቮር፣ ሞተሩም ደከመው?»

«እሱስ ደከመው። እናንተ የተማራችሁት ሣር ትቆጥራላችሁ እንጂ አታጭዱም።»

ሳቀች። «እዚህ የነበረው የዱር ግብጦስ?»

«ሚስቴን ተከትሎ ሄደ። አምና ዘር ዘርቼ ፍግ አለበስኩት፤ የበቀለው አረም ብቻ ነው።»

ማሪት ተንበርክካ ሣሩን ገለጠች። እንደ መዳፍ የተዘረጋ ትንሽ ቅጠል ነበር፤ ጫፉን ስለት ቆርጦታል።

«አልሄደም ጋሼ። የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የተቆረጠውን ጫፍ ዳሰሱ። ሐዘንተኛ እጁን ሥራ ካላስያዘ ሐዘኑን አይችለውም፤ ሥራው ሁሉ ግን ሟቹን አያስደስትም።

«እና መቃብሯን ዳዋ ይዋጠው? ሰው ምን ይለኛል?»

«እትዬ ቦርግሂልድ ይህን ቦታ ለምን መረጡት?»

«ለሰማያዊዎቹ ቢራቢሮዎች። በሰኔ እዚህ ቁጭ ብላ ትቆጥራቸው ነበር።»

«አባጨጓሬያቸው ከዚህ ግብጦ ቅጠል በቀር ምንም አይበላም። ቅጠሉ ሲታጨድ እነሱም አብረው ታጨዱ።»

«ፍጉስ ምን አጠፋ?»

«ግብጦ ሲሳዩን በሥሩ ያበጃል። ፍግ የሚያወፍረው ሣሩን ነው፤ ሣሩ ደግሞ ያንቀዋል። ለሱ ደሃ አሸዋ ይበቃዋል።»

«እንደ አያቶቻችን በይኛ፤ እነሱንም ያኖራቸው ይኸው አሸዋ ነው።»

«እንዲያ ነው። ዘሩን ልጡ እንዲሳሳ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው፣ በመከር ማብቂያ በረዶ ሳይወርድ ይዝሩት። ማጨዱም በዓመት አንዴ፣ ውርጭ ከጣለ በኋላ፣ ምላጩን ከፍ አድርገው። አዲሱ ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል።»

«ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው።»

«እንግዲያው ዘንድሮውኑ ይጀምሩ።»

አቶ ሃልቮር ማጨጃውን እየገፉ ወደ ቤት ተመለሱ፤ በመከር ማብቂያም እንደተባሉት ዘሩን ዘሩ።

በሚቀጥለው ሰኔ ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጉንሂልድ ከጸሎት ሲወጡ፣ «ሃልቮር፣ ሚስትህን እንዲህ ቶሎ ረሳሃት?» አሏቸው።

«ታገሺና ትቆጥሪያለሽ» አሉ እሳቸው።

በሁለተኛው ዓመት አሮጌው ሥር አበበ፤ በሦስተኛው የተዘራውም ተከተለው። ዱር ንቦች መጡ፤ በቆሎ እምቢ ያላቸው ጎረቤቶችም ለአሸዋ ማሳቸው ዘር ለመኑ። በዚያው ሰኔ ሰማያዊዎቹ ቢራቢሮዎች ከመንገዱ ዳር ተሻግረው ገቡ። አቶ ሃልቮር መቃብሩ አጠገብ ተቀምጠው አራት ቆጠሩ።

ወይዘሮ ጉንሂልድ ግን አምስት ናቸው ብለው እስኪመሽ ተከራከሯቸው።