ክሩን የመረጠ ከሥሩ ይቁም

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከፊት የተቀመጡት ሥራ አስኪያጃችን፤

ከሁሉ በፊት ይህን ክፍል ያሰናዳችሁትን ላመስግን። የስፌት መኪናዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍታችሁ፣ ወንበር ከየቢሮው ለቃቅማችሁ፣ ትልቁን የመቁረጫ ጠረጴዛ አልብሳችሁ ይህን ያህል መድከማችሁ ለአንዲት ክር መራጭ ሲበዛባት ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ጠረጴዛው ላይ ያነጠፋችሁት በነፋስ ከምናበረው ካይት ውድቅ የተደረገ ጨርቅ መሆኑን አይቻለሁ። ጠማማው ስፌት የማን እጅ እንደሆነም አውቄዋለሁ፤ በስንብቴ ቀን ግን ሰው አላስቀይምም።

ለአበባውም አመሰግናለሁ። ማነሽ፣ ከመስኮቱ አታንሺው፣ እዚያው ይሁን። እያየሁት ነው።

ልነሳ ስል ሥራ አስኪያጃችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እትዬ፣ እባክሽ ባጭሩ። ገዢዎቹ ሜዳው ላይ እየጠበቁ ነው» አሉኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ምን ይገደኛል? ዛሬ ግን ባጭሩ አልናገርም። ለምን እንደማስረዝመው ቆይታችሁ ትረዱታላችሁ።

ከመካከላችሁ አዲስ የገባችሁ አላችሁ። «ሴትዮዋ ሥራዋ ምንድን ነው? ጠዋት ትወጣለች፣ ጣቷን ልሳ ሰማይ ላይ ትቀስራለች፣ ትገባለች» ስትሉ ሰምቻችኋለሁ። አልተቀየምኩም። ባለቤቴም፣ ያው ከኋላ የተቀመጠው፣ ከተጋባን ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን ለጎረቤት ምን ብሎ ቢያወራ ጥሩ ነው? «ሚስቴ ከእኔ ይልቅ የሰው ልብስ ማስጫ ታምናለች።» እውነቱን ነው። የተሰጣ አንሶላ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ አይዋሽም። እሱ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ግን፣ ይቅር፣ ሰው አላስቀይምም ብያለሁ።

እንግዲህ ሥራዬ ይህ ነው። እኛ የምንሰፋው ካይት ልጆች በአንድ ክር ይዘውት የሚሮጡት ዓይነት አይደለም። በግራና በቀኝ እጅ ሁለት ክር ተይዞ የሚዞር፣ የሚገለበጥ፣ መሬት ሊነካ ሲል ቀና የሚል ነው። ነፋስ ሲሰንፍ «ላባ» ይወጣል፤ ዘንጉ ቀጭን፣ ጨርቁ ስስ ነው። ነፋሱ ደህና ሲሆን «የዘወትሩ» አለ። ሲቆጣ ደግሞ «ወንፊት»፣ ጨርቁ ላይ መረብ የገባለት፣ ነፋሱን ገሚሱን ይዞ ገሚሱን የሚያሳልፈው።

ክሩም እንደዚያው ነው። ላባን በወፍራም ክር ብታስሩት ክሩ በገዛ ክብደቱ ይረግባል፤ እጃችሁን ብትጎትቱ ካይቱ አይሰማችሁም። ወንፊትን በቀጭን ክር ብታስሩት ደግሞ ክሩ ይለጠጣል፣ ይለጠጣል፣ ከዚያ ጧ ይላል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ካይቱን ለዘወትሩ ነፋስ ምረጡ፣ ክሩን ግን ለክፉው። ቀኑን ሙሉ እኩል የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ አዘናግቶ የሚመታው ነው። እንደ አማት ማለቴ ነው። ውዴ፣ እናትህን አላልኩም።

በሩን ዝጉልኝማ። መወርወሪያውን አስገቡት፣ አለዚያ ደግሞ ይከፈታል።

ይህን ቤት ያቋቋሙት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። እዚህ በገባሁ ሰሞን ሜዳ ላይ ወስደው «ክር ምረጪ» አሉኝ። መረጥኩ። «በይ አሁን ሂጂና ከካይቱ ሥር ቁሚ» አሉኝ። «እንዴ፣ ለምን?» ብላቸው፣ «ክሩ ከተበጠሰ ካይቱ የሚወድቀው እዚያ ነዋ። የመረጠ ከሥሩ ይቁም። ያን ጊዜ አጥርተሽ ትመርጫለሽ» አሉ። ሄጄ ቆምኩ። በማግስቱ ክር ስመርጥ ግን እያንዳንዷን ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳሰስኳት።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ልማድ ይኸው ነው። መራጩ አንዴ ይናገራል። ካይቱን የሚያበረው በራሪም ሆነ አለቃ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ካይቱ መሬት ካረፈ በኋላ ነው። መራጩም ከሥር ይቆማል። ስለዚህ እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ካይት ያየሁት ከሥሩ ሆኜ ብቻ ነው፤ ሆዱን እንጂ ጀርባውን አላውቀውም።

አሁን ወደማልወደው ወሬ ልግባ።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ የቀኝ ዓይኔንም ነገር እናንተም ታያላችሁ፤ ዓይኔ እናንተን ባያይም። በዚያን ቀን ሦስቱ በራሪዎቻችን «ጉንጉን» እያሳዩ ነበር። ጉንጉን ማለት ሦስቱ ካይቶች አየር ላይ ሲዞሩ ክሮቻቸው እርስ በርስ ተጠማዝዘው መልሰው የሚፈቱበት ጨዋታ ነው። ክሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ለስላሳ ክር ከሆኑ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታል፣ ምንም አይሆንም። አንዱ ሻካራ ከሆነ ግን መጋዝ ነው። በዋዜማው ከበራሪዎቹ የአንዱ ክር ተበጥሶ፣ ልጁ ለእኔ ሳይነግር ከመደርደሪያው ላይ ሌላ አውርዶ ተክቶት ኖሯል። ሁለቱም ነጭ ናቸው። ዓይን አይለያቸውም፤ ጣት ግን ይለያቸዋል።

ሻካራው ለስላሳውን ገዘገዘው። ካይቱ ወረደ። ዘንጉ እኔን አገኘኝ። በተረፈ እናንተ ናችሁ የተሸከማችሁኝ።

የማታውቁት አለ። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ጠጋኛችን መጣ። ያ የምታዩት፣ በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው፣ የተቀደደ ካይት ሁሉ የሚጠግነው ሰው። ይህን እንድናገር ጠዋት ጠይቄው «እንደወደድሽ» ብሎኛል። እንደወደድሽ ማለት እሺ ማለት ነው አይደል? እኔ እሺ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

አልጋዬ አጠገብ ቆመ። ከዚያ፣ «እትዬ፣ የክሩን መያዣ ለልጁ ያቀበልኩት እኔ ነበርኩ። ክሩ ሻካራ ነበር። እጄ አውቆታል። አፌ ግን እምቢ አለኝ» አለ።

«ለምን?» አልኩት።

«ገዢ ቆሟል፣ አለቃ ቶሎ በሉ እያሉ ነው። እኔ ጠጋኝ ነኝ፣ ምን ብዬ ላስቁም?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። ይበሉ። በእኛ ሥራ ግን ይነቅዛል። እሱ ከዚያን ቀን ጀምሮ የበረራ ክር በእጁ ነክቶ አያውቅም። «ና እስቲ ይህን ዳብሰው» ስለው፣ «እጄ ሙጫ ነክቷል» ይለኛል። ዓመት ሙሉ እጁ ሙጫ እንደነካ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ሰሞኑን፣ «ተተኪሽን ንገሪን፤ የበራሪዎቹ አለቃ ብትሆንስ?» ብለውኛል። ይቅርታ ይደረግልኝና እሷን እወዳታለሁ። «አውሎ» ብለን የምንጠራት በከንቱ አይደለም። ግን በራሪ ለራሱ ክር አይመርጥም። በራሪ ነፋስ ሲያይ ምራቁ ይሞላል። አትሳቂ፣ አንቺን ነው። እኔ የምፈልገው የሚፈራ ሰው ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ሻካራና ለስላሳ ክር በጨለማ የሚለይ እጅ አንድ ነው፤ የጎደለው አፉ ነው። ስለዚህ ለሥራ አስኪያጃችን «ንግግሬን ስጨርስ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

አበባውን አያችሁት? ወደቀ። ውኃውን ተዉት፣ ይደርቃል።

ጠዋት ስወጣ አንሶላው እንኳ አይነቃነቅም ነበር። ስለዚህ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ላባ ታስረዋል፣ በቀጭን ክር። ለጠዋቱ ነፋስ የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ልክም ነበር። አሁን ግን ጣሪያውን ስሙት። ቆርቆሮው ይመታል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይመታል። ያ ያልኳችሁ ዓይነት ነው። ሜዳው ላይ ደግሞ ገዢዎች ቆመዋል፣ ጉንጉን ታያላችሁ ተብለው።

አዎ ሥራ አስኪያጅ፣ ሰዓቱን አይቻለሁ። ምን አሉኝ? «በይ እንግዲህ ቃልሽን ስጪና እንውጣ»? ቃሌን ጠዋት ሰጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ ጡረተኛ ነኝ፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት ኬክ ያስቆረሱኝ።

እንግዲህ በግልጽ ልናገር። በዚህ ነፋስ ላባ በቀጭን ክር ከወጣ ሰው ይጎዳል። ማንም እንዲጎዳ አልፈቅድም፤ ከዚህ በር ሦስቱ ላባዎች ከመውጣታቸው በፊት እኔው ራሴ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ በአንድ ዓይንም ቢሆን። ያ ቀላል ነው። ግን ዛሬ እኔ ከተናገርኩ፣ ያ በሩ አጠገብ ያለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቀዳዳ ሲጠግን ይኖራል። ይህን ሁሉ የማንዛዛው ለዚህ ነው። እየጠበቅሁት ነው። ጨካኝ ናት በሉኝ፤ በሰው ፊት አዋረደችው በሉኝ። እኔ ግን አንድ ዓይኔን የከፈልኩበትን ነገር ለማንም ዝም ብዬ አልለቅም።

ጠጋኝ፣ ቀና በል። እኔን አትየኝ። ጣሪያውን ስማው።

እንጠብቃለን። ሻዩ ይቀዝቅዝ፣ ግድ የለም።

ምን አልክ? ከፍ አድርገው፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙህም። ተነሥና በለው።

ሰማችሁ? ላልሰማችሁ ልድገመው። «ላባ አይወጣም። ወንፊት፣ በወፍራሙ ክር። አንድ በራሪ ብቻ። ጉንጉን የለም» ነው ያለው።

ሥራ አስኪያጅ፣ ይቅርታ፣ «ለምን?» አይባልም። ልማዱን ያውቁታል፤ ካይቱ መሬት ይረፍ፣ ያን ጊዜ ይጠይቁት። ለገዢዎቹ እርስዎ ይንገሯቸው፣ እርስዎ ለወሬ ያምራሉ። ይኸው ሳቁ። ከልብዎ ነው የሳቁት፣ ተመስገን። እርስዎም ወጣት ሳሉ በራሪ ነበሩ፤ ጆሮዎ ጣሪያው ላይ እንደነበር አይቻለሁ።

ተመልከቱት እስቲ። ላባዎቹን እየፈታ ነው። ወፍራሙን ክር በጣቱ እየሳበ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ግራውን ከቀኙ አስተካክል፣ የጣት ያህል እንኳ አንዱ ካጠረ ካይቱ ያነክሳል። አይ፣ ምን አገባኝ፣ እሱ ያውቀዋል። አፌ ለምዶብኝ ነው።

እንግዲህ ልጨርስ። ተተኪዬ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ባልደረቦቼ፣ ብዙ አኩርፌያችኋለሁ። ጠማማ ስፌት ፈትታችሁ ድገሙ እያልኩ አስለቅሻችኋለሁ። ደግሜ ብወለድም ያንኑ ነው የማደርገው። ከእናንተ መለየቱ ግን አንጀቴን ይበላዋል፤ ነገ ጠዋት ተነሥቼ የጎረቤት አንሶላ ለማን ብዬ እንደማየው አላውቅም። ባለቤቴ «ለእኔ» እያለ ነው። እናያለን።

ያላሰባችሁት ነፋስ አይምጣባችሁ። ቢመጣም ደፍሮ «አይሆንም» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጥፋ። የሚናገረውን የሚሰማ አለቃም አያሳጣችሁ። እጃችሁ ይባረክ፣ ዓይናችሁ ይብራ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። የወጣ ካይታችሁ ሁሉ በደህና ይረፍ።

ይኸው ወንፊቱ ወጣ። አያችሁት በመስኮቱ? ጠጋኛችን ማንም ሳይነግረው ሜዳው መካከል ሄዶ ከሥሩ ቆመ። እግሮቹን አንፈራጥጦ፣ አንገቱን ወደ ላይ።

እኔ ዛሬ እዚያ ቦታ የለኝም። እስቲ አንዳችሁ ክንዴን ያዙኝና ከበራሪዋ ከአውሎ ኋላ ውሰዱኝ። የካይትን ጀርባ ልየው።