«ረክቻለሁ» ይበሉ

የመድኃኒት መደርደሪያዬ አንድ እግሩ ባይሰበር ኖሮ ያን ቀን አናጺው ዘንድ ባልሄድኩ ነበር። የአናጺው ልጅ ከተገደለ ወዲህ በዚያ በኩል ማለፍ እፈራለሁ፤ ምን ይደበቃል! ከሱቁ ማዶ ሁለት ወታደሮች ቆመው የሚገባውን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል። እኔም የተሰበረውን እግር እንጨት መሆኑን እንዲያዩልኝ በግልጽ ይዤ፣ ቀስ እያልኩ ተሻገርኩ።

አናጺውን ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ይለዋል። በር ለፀጉር ያህል እንኳ ካጋደለ ነቅሎ እንደገና የሚገጥም ሰው ነው። ያን ቀን ግን የለሰለሰውን ሳንቃ መልሶ መላልሶ ይልገዋል። ፍቅፋቂው ቁርጭምጭሚቱን ሸፍኖታል። አጠገቡ ከዓመታት በፊት የሞተ ወንድሙ ልጅ ቆማለች፤ ከልጁ ጋር እንደ እህቱ አሳድጎ፣ ራሱ አስተምሮ ለጠበቃነት ያበቃት።

«ዶክተር፣ እግዜር ነው ያመጣህ» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ፤ ማረሙ ግን ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። «ይቺን ልጅ ምከርልኝ። ልጄን የገደለው ወታደር ሊገደልልኝ ነው፤ እሷ እምቢ ይበሉ ትለኛለች!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ቀለም ቀቢ ነበር። ጀምበር ሳትጠልቅ ከሥራ ሲመለስ፣ ሮለሩን የሚሰካበትን ረጅም እንጨት በትከሻው እንደያዘ፣ ማዕዘኑ ላይ የቆመ ወታደር ተኩሶ ጣለው። ወታደሩ ታሰረ። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ አንድ መኮንን ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ «ነገ በወታደራዊ ፍርድ ቤት በዝግ ሞት ይፈረድበታል፤ ወዲያውም እርምጃ እንወስድበታለን። እርስዎ በሰው ፊት “ረክቻለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም” ይበሉ። ከሰዓት በኋላ ለመልሱ እመጣለሁ» ብሎት ሄዷል።

«ጋሼ» አለች ጠበቃዋ፣ «እኔ አይቀጣ አላልኩም። ዕድሜውን ሙሉ ይታሰር። ግን በግልጽ ችሎት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይጠየቅ ነው የምለው።»

«ምኑ ይጠየቃል? ተኮሰ፤ ገደለ። ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እሱን እየቀለቡ ማኖር ምን የሚሉት ፍርድ ነው?»

እኔም በሆዴ «እውነቱን ነው» አልኩ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ የሱቄን ግድግዳ የቀባልኝ እሱ ነው። በእኔ ቢሆን ገዳዩን ያኑ ዕለት በሰቀልኩት።

«ደግሞስ እምቢ ብል ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማዶ የቆሙትን አይተሻል? የቀረሽኝ ልጅ አንቺ ብቻ ነሽ። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«ዝም አይነቅዝም፣ ጋሼ፤ ሰው ግን ይነቅዛል።»

«የፈሪ እናት አታለቅስም ይላሉ» አለ። «የእኔ ልጅ ፈሪ ነበር። ሳይመሽ የሚገባ፣ ወታደር ሲያይ መንገድ የሚቀይር። እናቱ ይኸው ታለቅሳለች።»

እሱ መላጊያውን አንስቶ እንደገና መላግ ጀመረ።

«መኮንኑ ወታደሩን ምን እናደርገዋለን አለዎት? ቃሉን እንዳለ ይንገሩኝ» አለች።

«እርምጃ እንወስድበታለን አለኝ።»

«ወንድሜ የሞተ ዕለት በሬዲዮ ምን ተባለ?»

እጁ ቆመ። «“በአንድ ግለሰብ ላይ እርምጃ ተወሰደ”» አለ በቀስታ።

«አንድ ቃል ነው፣ ጋሼ። ያኔ ማን አዘዘ፣ ለምን ሆነ ብለን ብንጠይቅ የነገረን የለም። አሁንም ማንም አይነግረንም። ትናንት በወንድሜ፣ ነገ በዚያ ወታደር፣ ከነገ ወዲያስ በማን ላይ ነው እርምጃው?»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለካ ለእኛም ኖሯል!

«ያ ወታደር ወንድሜን አያውቀውም፤ ጠብ የላቸውም» አለች። «በዚያ ሳምንት “ረጅም ነገር የያዘ ይመታ” ተብሎ ታዞ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም። የሚያውቀው እሱ ነው፤ ነገ ከገደሉት ማንን እንጠይቃለን? ጓደኞቹስ ቢሆኑ፣ በቃላቸው ሰው የሚረሸን ከሆነ ማን ደፍሮ ይመሰክራል? ቅጣቱ እስር ከሆነ ግን አንዱ እንኳ አፉን ይከፍታል።»

«ዋሽቶ ቢያመልጥስ?»

«ሊዋሽ ይችላል፤ አልደልልዎትም። ግን ሰው ፊት ከዋሸ የሚያርመው ይኖራል። በዝግ ቤት የተዋሸውን ማን ያርመዋል?»

አናጺው መላጊያውን አስቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን።

መኮንኑ ነው። እውነት እላችኋለሁ፣ የመደርደሪያዬን እግር ጥዬ ልሸሽ መውጫ ፈለግሁ፤ መውጫው ላይ ግን የቆመው እሱ ራሱ ነበር።

«እንዴት ዋሉ፣ አባቴ» አለ በትሕትና። «ይኸው ዶክተሩም አሉ፤ ጥሩ ምስክር ናቸው። ረክተዋል?»

አናጺው የሥራ ጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጦ፣ «አልረካሁም፣ ጌታዬ» አለ። «ይሙትልኝ አልልም። ይናገርልኝ። ሰው ባለበት፣ በሩ ተከፍቶ።»

«ያስቡበት፣ አባቴ። ጊዜው ክፉ ነው።»

«ጊዜውን ማን እንዳከፋው ይነገረኝ ነው እኮ የምለው።»

መኮንኑ ፈገግ አለ። ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን፤ እኔን ረዘም አድርጎ አየኝና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት አታንሱብኝ። መኪና ሱቄ ደጅ በቆመ ቁጥር ልቤ ትቆም ነበር። ሆኖም ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ሌሎች ልጅ የሞተባቸውም «እኛም አልረካንም» አሉ። አለቆቹ ወታደሩን በድብቅ ለመግደል አፈሩ ወይም ፈሩ፤ ችሎቱ ተከፈተ። ጥቅሙን ዛሬ ሁላችንም እናየዋለን። በወታደሩ ላይ ረጅም እስር ተፈረደ፤ ያ “ይመታ” የተባለው ትዕዛዝ ተሻረ፤ አሁን ተኩስ ያዘዘ አለቃ በስሙ ይጠየቃል፤ ሠራተኛው ዕቃውን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። ሌላው ወታደርም ቢሆን ከመተኮሱ በፊት «ነገ ሰው ፊት እጠየቃለሁ» ብሎ ያስባል።

ይህን ሁሉ ነግሬው አሁንም «ገዳይን መግደል ነው የሚሻለው» ለሚለኝ ሰው ግን ያቺን የችሎት ሰዓት ነው የምነግረው። ዳኛው ወታደሩን «ተኩስ ያለህ ማን ነው?» አሉት። ከሲታ ልጅ ነው፤ የደንብ ልብሱ ሰፍቶታል። እናቱ ከኋላ «ተናገር፣ ልጄ» ስትል ተሰማች። ልጁ እጁን አነሳና ፊት ለፊት ወደ ተቀመጠው ሰው ጠቆመ። ለመልስ ሱቅ ድረስ ወደመጣው መኮንን።

አናጺው ክንዴን አጥብቆ ያዘኝ።

«አየህ» አለኝ፣ «ይቺን ጣት ነው እኮ “ረክቻለሁ” ብዬ ላስቀብራት የነበረው።»